ከሰታቴው ራስ ቀና ማለት፦ በድሬዳዋ የተከታተልኩት የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የስትራቴጂያዊ አመራር ሥልጠና

በድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ ድርጅት ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የሚሰጠውን የስምንት ሳምንት የስትራቴጂያዊ አመራር ሥልጠና ተከታትዬ ከጨረስኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። ግምገማዬን የምስክር ወረቀቱን በተቀበልኩ ማግሥት ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የእንዲህ ያለ ትምህርት ጥቅም የሚታወቀው ሱቅ ተመልሶ፣ ወር ተቆጥሮ፣ የኪራይና የደመወዝ ቀን ደጋግሞ ደርሶ ካለፈ በኋላ ስለሆነ የተማርኩትን በሥራ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ፣ ቅሬታዬንም ለራሳቸው በጽሑፍ ስለሰጠሁ፣ የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሣም። የምጽፈው እንደ እኔ በገዛ እጁ እየሠራ ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው ለዚህ ዓይነት ሥልጠና ጊዜውንና ገንዘቡን ቢያወጣ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

እኔ መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ሐልዋ፣ ሙሸበክና ሌሎች ጣፋጮችን እያዘጋጀሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሥራውን የተረከብኩት ከአባቴ ሲሆን ከእኔ ጋር ስድስት ሰዎች ይሠራሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አባቴን ያገለገሉ፣ ሐልዋ በማብሰል ከ30 ዓመት በላይ የቆዩ ሐጂ ናቸው። ሐልዋ ስኳር፣ ስታርች፣ ዘይትና ሄል በትልቅ ሰታቴ ተጥዶ ያለማቋረጥ የሚማሰል፣ ለአፍታ ችላ ካሉት ከሥር የሚያር ነገር ነው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሰታቴው ራስ፣ ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ኋላ፣ ማታ የዱቤ ደብተሩ ላይ ሆኜ ስለኖርኩ፣ ሱቁ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚደርስ አሻግሮ የሚያይ ሰው አልነበረውም። እኔ አለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ነገር ግን የእኔ ዓይን ከሰታቴው አፍ አልፎ አያውቅም።

ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሰጥ ነበር። የከተማችንን ኑሮ የማያውቅ ሰው የዚህን ሰዓት ትርጉም ላያስተውለው ይችላል፤ የድሬዳዋ ሱቆች ከ6 ሰዓት ጀምሮ ለሙቀቱም ለበርጫውም ዘግተው 10 ሰዓት ገደማ መልሰው ስለሚከፍቱ፣ አዘጋጆቹ ገበያችንን ብዙም ሳይነኩ በአብዛኛው ከዕረፍት ሰዓታችን ላይ መውሰዳቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ክፍያው 9,000 ብር ሆኖ በሁለት ጊዜ ይከፈላል። አሥራ ሰባት ነበርን፤ ልብስ ሰፊ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ፣ የባጃጅ ጋራዥ ያለው፣ ሁለት የካፌ ባለቤቶች፣ አንዲት ከሳቢያን ሰፈር የመጣች የመድኃኒት መደብር ባለቤት፣ ሌሎችም። ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ የሥራ አመራር መምህር ሲሆን ሌላዋ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በዕቃ አስተላላፊነት ሥራ ለብዙ ዓመታት የቆየች ሴት ነበረች። ልዩነታቸውን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ብዙዎቻችን ከዚህ ቀደም የካይዘን፣ ማለትም ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ሥልጠና ወስደን ነበር። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ትምህርት በፋብሪካዎችም በአነስተኛ ድርጅቶችም ስለተስፋፋ፣ በመጀመሪያው ቀን «ይኸኛው ከዚያ በምን ይለያል?» ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ካይዘን ሰታቴውን፣ ጆንያውንና ማማሰያውን የት እንደማኖር፣ ብክነትን እንዴት እንደምቀንስ አስተምሮኛል፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ይህ ሥልጠና ግን ከዚያ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ነው የያዘው፤ ለማን ነው የምናበስለው፣ ለምንስ ከእኛ ይገዛል፣ ከሦስት ዓመት በኋላስ ይገዛናል ወይ? የትምህርቱ መዋቅር በ2013 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ከወጣ አንድ ጽሑፍ የተወሰዱ ስድስት ችሎታዎችን ይከተላል፦ ቀድሞ ማየት፣ የለመዱትን መጠየቅ፣ የተበታተኑ ምልክቶችን መተርጎም፣ መወሰን፣ ሰዎችን በአንድ ሐሳብ ማሰለፍ፣ ከሆነው ነገር መማር። ስድስቱም እኩል አልተማሩልንም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጥልቀት፣ የኋለኞቹ በጥድፊያ ነው የታለፉት።

ከሁሉ የጠቀመኝ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠን ቀላል ሥራ ነው። እያንዳንዳችን ለ14 ቀናት በየግማሽ ሰዓቱ ምን እንደሠራን እንድንመዘግብ ደብተር ታደለን። ሲነገረን የተማሪ ቤት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ሳምንታት አልቀው ደብተራችንን ስንደምር ግን የእኔ ሥራ 158 ሰዓት ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ ከያዝነው ሳምንት ያለፈ ነገር ያሰብኩበት ጊዜ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዝርዝር ገንዘብ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የዞርኩት ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከሰልና ፌስታል ለመግዛት ቀፊራ ገበያ የተመላለስኩት ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አሠልጣኟ ደብተሩን በሁለት ቀለም እንድናሰምርበት አዘዘችን፤ በአረንጓዴ ሌላ ሰው ቢሠራው ሱቁ የማይጎዳበትን፣ በቀይ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊሠራው የማይችለውን። የእኔ ደብተር ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። የጋራዡ ባለቤት ደብተሩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጡን አልረሳም፤ የእርሱም እንደ እኔው ነበር። ይህ የደብተር ሥራ ብቻውን የክፍያውን እኩሌታ ያወጣል ብዬ እፈርዳለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት የተሰጠው ራሷን ከተማችንን እንደ ምሳሌ በመውሰድ ነበር፤ ይህን ክፍል አሠልጣኟ ናት የመራችው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከግርጌ እንዲያልፍ በመወሰኑ እንደሆነ፣ ባቡሩም በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ እንደደረሰ፣ ከተማዋ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል እንደነበር ሁላችንም ከልጅነት የሰማነው ታሪክ ነው። እርሷ ግን ታሪኩን በነጋዴ ዓይን እንድናየው አደረገችን። የሐረር ነጋዴ የመቶ ዓመታት የቅፍለት መንገድ፣ ደንበኛና ስም ነበረው፤ ሐዲዱ በሌላ በኩል ሲያልፍ ይህ ሁሉ ባለበት ሆኖ የዕቃው መተላለፊያ ግን ወደ ቆላው ወረደ። ከዚያ ደግሞ በተራው አሮጌው ባቡር እየደከመ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መስመር ሲቆም፣ ለገሃሬ አካባቢ በተሳፋሪ ይኖሩ የነበሩ ምግብ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ምን እንደሆኑ ከመካከላችን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። አዲሱ የኢትዮ ጂቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ አሮጌው ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የቀድሞውን ተሳፋሪ የጠበቀ ነጋዴ በከንቱ ነው የጠበቀው። «ደንበኛችሁ ሱቃችሁን የሚያገኘው በምን መንገድ እያለፈ ነው? ያ መንገድ ቢዞር ማን ይነግራችኋል?» ብላ ጠየቀች። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ሄጄ የአንድ ሳምንት ገዢዎቼን በምን ምክንያት እንደመጡ ስጠይቅ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ የሚኒባስ ተራ ምክንያት በደጄ የሚያልፉ መሆናቸውን ተረዳሁ። ተራው ቢነሣ ከሽያጬ ምን እንደሚቀር ያሰብኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የማይክል ፖርተር አምስት ኃይሎች የሚባለው፣ አቅራቢን፣ ገዢን፣ አዲስ ገቢን፣ ተተኪ ዕቃንና ነባር ተፎካካሪን የሚመዝነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የቀረበው የትንተና መንገድ ተሰጠን። ከአዲስ አበባ የመጣው መምህር ይህን ያስረዳን ስለ አየር መንገዶችና ስለ ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች እየተናገረ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን ለብዙዎቻችን ባዶ ሆኖ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዳችን በራሳችን ሥራ እንድንሞላው ሲደረግ ነገሩ ነፍስ ዘራ። በሐልዋ ሥራ አቅራቢው የበረታ ነው፤ ስኳር ሲጠፋ ሰታቴዬ ይከደናል፣ እኔ በዋጋው ላይ አንዲት ቃል የለኝም። ገዢውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ሩብ ኪሎ ለቡና ቁርስ የምትገዛ እናት ዋጋ አትከራከርም፣ ለሠርግ 60 ኪሎ የሚያዝ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከራከራል። አዲስ ተፎካካሪ እንዳይገባ የሚከለክል ነገር ከሞላ ጎደል የለም፤ ሙሸበክ ለመጥበስ ምድጃ፣ ዘይትና የቀለጠ ስኳር ስለሚበቃ በረመዳን በየደጁ ይጠበሳል። ሐልዋን የሚተካው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋኛል፤ ከኬክ ቤት የሚገዛው ኬክና በጂቡቲ በኩል የሚገባው የታሸገ ከረሜላ የልጆቻችንን ምላስ እየለወጠው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሳየው የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅኩት ከጎረቤቴ ሐልዋ ሻጭ ጋር በኪሎ አምስትና አሥር ብር ሲሆን፣ ከአምስቱ ኃይሎች ትንሹ እርሱ እንደነበር ነው።

ቀድሞ ስለማየት የተሰጠው አራተኛው ሳምንት ሳይጠበቅ ከሁሉ ለሥራዬ የቀረበው ሆነ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ፣ የሒጅራና የጎርጎርዮስ ቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ እያንዳንዳችን ገበያችን የሚሞቅበትንና የሚቀዘቅዝበትን ቀን በእስክሪብቶ እንድናከብ ተባልን። እንደ ሐረርና ድሬዳዋ ባለ አገር ለሚነግድ ሰው ሦስቱን በአንድነት ማንበብ ግዴታ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ፣ የዛሬ ዓመት የነበረውን ቀን ይዞ ስኳርና ዘይት የሚያዘጋጅ ሰው ይዘገያል። ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ በሐረር የሸዋሊድ በዓል ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ በዝቷል። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውና የሚመለሰው ምእመን ብዙው በከተማችን በኩል ያልፋል፤ ወደ ቤቱም ባዶ እጁን መመለስ አይወድም።

እኔ ያላስተዋልኩት ግን ሌላ ነበር። የእኔ ሐልዋ የሚሠራው በዘይት ስለሆነ የጾም ምግብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተው ሁለቱ አብረው ሲጾሙ፣ ቀን ክርስቲያኑ፣ ማታ ሙስሊሙ ከአንድ ሰታቴ ሊገዛኝ ይችል ነበር፤ እኔ ግን ያን ዓመት ቀን ቀን ሰታቴውን ዘግቼ ለማፍጠሪያ ብቻ ነው የሠራሁት። ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደሚገቡ ከቀን መቁጠሪያው ስላየሁ ስኳሩን በታኅሣሥ ገዝቼ፣ በደጄ ላይ «የጾም» የሚል ጽሑፍ ለጥፌ፣ ጠዋት አንድ ሰታቴ ጨመርኩ። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ የሸጥኩት ከዓምናው በሩብ ያህል በልጧል። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ምን ያህሉ ከዋጋ መናር እንደሆነ ለመለየት የሸጥኩትን በኪሎ ጭምር መዝግቤ ነበር፤ በኪሎም ሲታይ ብልጫው አለ።

በዚያው ሳምንት ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ውሳኔ እንደ ምሳሌ ተነሥቶ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ምን ምን ምልክት አይተን እንደነበር ተጠየቅን። ከመካከላችን የመለዋወጫ ነጋዴው ብቻ ነበር አስቀድሞ የተዘጋጀው። እኔ ከውጭ የሚመጣ ስታርችና ዘይት እየተጠቀምኩ በሁለት ቀን በሁለት ቀን እገዛ ስለነበር፣ ዋጋው ሲነሣ ቀድሜ ተዋውዬ ቀብድ የተቀበልኩባቸውን ሦስት ሠርጎች በኪሳራ ነው ያደረስኩት። ዛሬ የሠርግ ትእዛዝ የምቀበለው እኩሌታውን ቅድሚያ ተቀብዬ፣ በዚያው ዕለት የትእዛዙን ስኳርና ዘይት ገዝቼ በማስቀመጥ ነው።

ስለ ሐጂ ልናገር። በአምስተኛው ሳምንት ያነሣነው ጥያቄ «እናንተ ወይም ዋና ሠራተኛችሁ ለ30 ቀን ብትታመሙ ምን ይቆማል?» የሚል ነበር። እኔ ብታመም ሱቁ ይንገዳገዳል እንጂ አይቆምም፤ ሐጂ ቢታመሙ ግን ሐልዋ የለም። ልኩ ያለው በእርሳቸው እጅ እንጂ በወረቀት አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ትንሽ የወርቅ ቤት ሚዛን ተውሼ ወደ ማብሰያው ገባሁ።

«ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልመዝን» አልኳቸው።

«ምን ልትመዝን ነው ልጄ?»

«እጅዎን።»

ማማሰያውን ለአንዱ ወጣት ሠራተኛ ሰጥተው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ከሄሉ ዘግነው ሰሐኑ ላይ አደረጉልኝ። 31 ግራም። መልሼ ሦስት ጊዜ አስዘገንኳቸው፤ 31፣ 30፣ 31 ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ እጅ አልተሳሳተም። ሐጂ ቁጥሩን ሲያዩ ደስ የተሰኙ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ግን ፊታቸው ከበድ አለና «አባትህ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ስሞት እንዳትቸገሩ ነው?» አሉኝ። አሠልጣኞቹ ሰዎችን በአንድ ሐሳብ ስለማሰለፍ ያስተማሩን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ከአፌ ጠፋ። እንደምንም «እርስዎ እያሉ ልጆቹ ከእርስዎ እንዲማሩ ነው፤ ከሌላ ሰው እንዲማሩት አልፈልግም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሲያማስሉ ቆዩና «ግራሙ ብቻውን አያበስልም» ብለው ወደ ሰታቴው ጠሩኝ። ሊጡ ከግድግዳው እየተላቀቀ፣ ዘይቱ ከጠርዙ መተፋት ሲጀምር እሳቱ የሚቀነስበትን ጊዜ፣ ከዚያም ማማሰያው ሲነሣ ሐልዋው ሳይበጠስ እንደ መቀነት የሚወርድበትን ጊዜ አሳዩኝ። ሁለቱንም ምልክት ከክብደቶቹ ጋር በደብተር ጻፍኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐጂ ሁለት ልጆችን እያስተማሩ ሲሆን፣ ልጆቹ ብቻቸውን አብስለው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ሰታቴ ላይ እንደ አስተማሪነታቸው ድርሻ ይታሰብላቸዋል። የድርሻውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሥልጠናው ውስጥ አልነበረም። በእኔ አስተያየት የዚህ ክፍል ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ኃላፊነትን ስለማካፈል አብዝተው ሲያስተምሩ ዕድሜውን በሙሉ ያካበተውን ዕውቀት የሚሰጥ ሠራተኛ በምላሹ ምን ማግኘት እንዳለበት አንድም ጊዜ አላነሡም።

ስድስተኛው ሳምንት ስለ ውሳኔ ነበር፤ ይበልጡንም ምን እንደማንሸጥ ስለ መወሰን። ከመደርደሪያዬ ሢሶ የሚሆነውን ብስኩት፣ ለስላሳና የታሸገ ከረሜላ ይዞት ነበር፤ ሒሳቡን ሳወጣው ከወር ትርፌ ያመጣልኝ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። አወጣሁትና በቦታው የባቢሌ ለውዝ ያለበት ሐልዋ በትንንሽ ማሸጊያ አድርጌ ደረደርኩ፤ ለመንገደኛ የሚመች ስለሆነ ቶሎ ተለመደ። ሌላው ውሳኔ ከበደኝ። ሳቢያን ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ብዬ ሁለት ዓመት ዕቁብ ስጥል ኖሬ ነበር። አሠልጣኟ የመጀመሪያውን ሱቅ ያለ እኔ ለአንድ ሳምንት ማቆየት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልችልም ነበር። ስለዚህ ዕቁቡ ሲደርሰኝ ገንዘቡን ለሁለተኛ ምድጃና ለስድስት ሳምንት የሚበቃ ስኳር አዋልኩት። ዘመድ ሁሉ ተቃወመኝ፤ አሁንም ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

የሒሳብና የገንዘብ ጉዳይ በሰባተኛው ሳምንት በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ተነክቶ አለፈ። ይህ በጣም ያሳዝናል። የቀረበልን ናሙና የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ሲሆን፣ እኛ የሚያስጨንቀን የዱቤ ደብተር፣ በየሳምንቱ የሚወጣና የሚገባ ገንዘብ፣ ኪራይ በድንገት ቢጨምር ምን ማድረግ እንደሚቻል ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ገዢ በስልክ ስለሚከፍለን የሽያጫችን መዝገብ በእጃችን አለ፤ ከዚህ መዝገብ የቀንና የሰዓት ሽያጭን አውጥቶ ማንበብ እንዴት እንደሚቻል አንድ ሰዓት ቢሰጠን ከፋብሪካው ወረቀት ይልቅ በጠቀመን ነበር። በአንጻሩ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስለተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷል። ለመለዋወጫ ነጋዴውና ለአስመጪዎች ጠቃሚ እንደነበር አልክድም፤ ለአብዛኞቻችን ግን የሩቅ ወሬ ነበር። በኢንተርኔት ስለማስተዋወቅ የተባለውም ጥቂትና የተቻኮለ ስለነበር አላነሣውም።

የቋንቋው ነገርም መታረም አለበት። የመምህሩ ጽሑፎች በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ሲያስረዳም በአማርኛው መካከል የሚጥላቸው ቃላት ብዙዎቻችንን አንገት አስደፍተውናል። አሠልጣኟ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በኦሮምኛና በሶማልኛ ስትመልሰው ዝም ብለው የከረሙት ሁሉ ይናገሩ ጀመር። አንዲት በገንደ ቆሬ የቆዳ ጫማ የምታሠራ እናት ለሦስት ሳምንታት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆይታ በኦሮምኛ ስትጠየቅ የተናገረችው ስለ ጎርፍ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት የእርሷም ዕቃ በሙሉ ታጥቦ ሄዷል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክረምት ሲገባ ግማሹን ቆዳ ከወንዙ ራቅ ባለ የእህቷ ቤት ታስቀምጣለች። ስለ አደጋ ዝግጅት በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር፤ በቋንቋ ምክንያት ሳንሰማው ልንቀር ነበር።

በውላችን ላይ ሥልጠናው ካበቃ በኋላ ሁለት ጊዜ በየሱቃችን እየመጡ እንደሚያዩን ተጽፏል። የመጀመሪያው ጉብኝት ተደርጓል፤ አሠልጣኟ ሁለት ሰዓት ያህል ከሰታቴው አጠገብ ቆማ የሥራውን ሂደት ተከታትላ፣ ልጆቹንም ሐጂንም ለየብቻ አነጋግራ፣ የትእዛዝ መቀበያ ቅጻችንን አስተካክላልን ሄደች። ሁለተኛው በአራተኛው ወር መሆን ሲገባው አልመጣም፤ ደውዬም በጽሑፍም ጠይቄ «በቅርቡ» ከማለት በቀር ቀን አልተቆረጠልኝም። የተከፈለበት ነገር ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት ለምረቃው ሥነ ሥርዓት የጠፋው ግማሽ ቀን ለዚህ ቢውል እመርጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንኩ በኋላ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በላይ ለሚያሠራና ሥራውን ቢያንስ ሁለት ዓመት ላስኬደ ሰው ሥልጠናውን እመክራለሁ። ንግድ ገና የሚጀምር ሰው ግን ሒሳብ አያያዝን በቅድሚያ ቢማር ይሻለዋል፤ ከላይ እንዳልኩት ያንን እዚህ አያገኘውም። የምትመዘገቡ ከሆነ የትኛው አሠልጣኝ የትኛውን ሳምንት እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጽሑፉ በአማርኛ እንዲሰጣችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። የሁለተኛውን ዙር ክፍያ በተመለከተ፣ በእኛ ጊዜ ሙሉው የተከፈለው በአምስተኛው ሳምንት ነበር፤ እኔ ዳግመኛ ብመዘገብ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ከሁለተኛው የሱቅ ጉብኝት በኋላ እንዲከፈል እጠይቃለሁ። የሰዓት መመዝገቢያውን ደብተር ደግሞ ሥልጠናው እስኪጀመር ሳትጠብቁ ከዛሬ ጀምራችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ ማንኛውም ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል፣ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር ነው የሚጻፈው።